ያቺ ልጅ ያዞረችኝ ከተማ

ቾንግቺንግ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለወሰንየለሽ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበትሽ እላለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ልጅሽ ሩሐማ በከፈተችልኝ ኢሜይል፣ ፊደሉን በአንድ ጣቴ እየለቀምኩ ነው የምጽፍልሽ። ስልክ ይሻል ነበር፤ ግን እኛ የለመድነው ሁሉ ቻይና ውስጥ አይሠራም። በልጃችን በኢዛና ስልክ ቪዲዮ እንዳንደውል ደግሞ አንቺ ፊቱን ላለማየት እንቢ አልሽ። እንግዲህ በስተርጅና እንደ እጮኛሞች እንጻጻፍ።

ለጥያቄዎችሽ በተራ ልመልስ። አዎ፣ ጾሙን ይዣለሁ። አዎ፣ መድኃኒቴን እወስዳለሁ። የለም፣ ኢዛና አልከሳም፤ እንዲያውም ቦርጭ ቢጤ ጀማምሮታል። የመጨረሻውን ጥያቄሽን ደጋግመሽ ስለጻፍሽው እኔም ደጋግሜ ልመልስ፦ አልገባሁም፣ አልገባሁም፣ የልጅቷ ወላጆች ቤት አልገባሁም። ኢዛና አምና መዘጋጃ ቤት ፈርሞ ፎቶ ብቻ የላከልን ቀን ያለቀስሽውን አልረሳሁም። "ሽማግሌ ልከን ልጃችሁን ስጡን ሳንል ወስደን፣ አሁን በምን ዓይናችን ገበታቸው ላይ እንቀመጣለን? እኔ ሳልፈቅድ ደጃቸውን እንዳትረግጥ" ብለሽ ኤርፖርት በር ላይ ያስማልሽኝም በጆሮዬ አለ።

ቀላል እንዳይመስልሽ ግን። ቤታቸው ከኢዛና ቤት ቁልቁል ነው፤ ከመስኮቱ ጣሪያቸው ይታየኛል። አባትየው ጠዋት ጠዋት ወፉን ከነጎጆው አንጠልጥሎ ሲወጣ ቀና ብሎ እጁን ያነሳልኛል። እኔም አነሳለሁ። በዚያው እንለያያለን፤ ምን አድርገነው ነው የማይመጣው ሳይል አይቀርም።

ከተማው የጉድ ነው። ሁሉም ነገር ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል። እኛ ዳላስ ሰው በእግሩ ሲሄድ ካየን መኪናው ተበላሽቶበት ነው ብለን እናዝንለታለን፤ እዚህ ግን አያት ቅድመ አያቱ ሁሉ ደረጃ ላይ ነው። ሩሐማ አርሊንግተን ለመድረስ አንድ ባቡር አጥታ በየጠዋቱ ሃይዌይ ላይ ስትንጨረጨር፣ የዚህ አገር ባቡር ሰው ሳሎን ድረስ ሊገባ ምንም አይቀረው። አምና ሜዳ የነበረው ዘንድሮ ፎቅ ነው አሉ፤ ኢዛና ራሱ መንገድ ይጠፋዋል።

አንቺ "ያቺ ልጅ" የምትያት ስሟ ዪሊን ነው፤ እንደምታውቂው አውቃለሁ። ሥራ ከመግባቷ በፊት ጎመንና ሩዝ ሠርታ፣ በሁለት እጇ ይዛ ታቀርብልኛለች። አባባ ትለኛለች። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባል የለ? ለኢዛናስ እናትህ ምን አለች ልበለው? ከዚህ በላይ ብጽፍ ትቆጫለሽ ብዬ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

የአንቺው ይርጉ

*

ሌክ ሃይላንድስ፣ ዳላስ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለይርጉ፣

እኔ ደህና ነኝ፤ ቤቱም ደህና ነው። ስለ ጉልበትህ አላዝንልህም። ስንት ዓመት ሙሉ ኤርፖርት ሻትል ላይ ተቀምጦ የኖረ ጉልበት ነው፤ ይሥራ።

ዛሬ የአሜሪካኖቹ በዓል ታንክስጊቪንግ ስለሆነ ጎረቤቴ ዓለምጌጥ ጠርታኝ ዋልኩ። ልጆቹ የቱርክ ዶሯቸውን ሲያወራርዱ እኛ ምስራችንን በላን። ሩሐማ አጠገቤ ተቀምጣ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አምጥታ "ማሚ፣ ፕሊስ፣ ጀስት አንዴ ሉክ አድርጊያት፤ ማለቴ፣ ምን ይሆናል?" ስትለኝ ዋለች። ገፋሁት። ዓለምጌጥም አይታ እንዳላየች ሆነች፤ እግዜር ይስጣት።

ስለ ኢዛና የጠየቅከኝን አልመልስልህም። ምን እንዲል እንደምፈልግ እሱ ያውቃል። እኔ ልጅቷን አልጠላኋት፤ አንተም እንደዚያ እንዳታስብ። እናት ናት ያሳደገቻት። ያቺ እናት ተነስታ "ልጄን የወሰዱት ሰዎች እነማን ናቸው? አንድ ሰው እንኳ ደጄን አልረገጠም" ብትል ምን መልስ አለን? በተሰረቀ ዶሮ ድግስ ላይ እንደተጠራ ሰው ነው የሆንኩት። የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው። እስኪወጣልኝ ተወኝ።

ይልቅ እሑድ ኅዳር ጽዮን ናት። ነጠላህን ከሻንጣው ሥር፣ ከካልሲዎችህ በታች አድርጌልሃለሁ። ቤተ ክርስቲያን የለም ብለህ እንዳትተወው፤ ለብሰህ ዋል። ደግሞ ጥለቱን ወደ ታች አድርገህ እንደ ሰው ልበሰው። ባለፈው ልደታ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቀህ መጥተህ ቅዳሴው እስኪያልቅ ሰው ሁሉ "ማን ሞተባቸው?" እያለ በኀዘኔታ ሲያየን ነበር።

አፍህ እንዳይደርቅ ውሃ ጠጣ።

ወሰንየለሽ

*

ቾንግቺንግ፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወሰኔ፣

ስለቆየሁ ይቅርታ። ነጠላውን አግኝቼዋለሁ፤ ካልሲ ካልሲ ይላል እንጂ ደህና ነው።

ደብዳቤዬ ቢያጥር አትገረሚ፤ ቤቱ ጸጥ ብሎብኛል። ኢዛና ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የሚገባው አምሽቶ ነው። ዓይኑ ቀልቷል። "ሥራ ነው አባዬ" ይለኛል። የምን ሥራ ነው ቅዳሜ? እሱና ዪሊን ማድ ቤት ገብተው ይንሾካሾካሉ፤ እኔ ስገባ ዝም። የተጣሉ መስሎኝ ነበር፤ ግን ሲያልፍ ጸጉሯን ዳበስ ሲያደርጋት አየሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። ሥራውን አጥቶ እንዳይሆን ብዬ እሰጋለሁ፤ አንቺ ግን አትስጊ።

የልጅቷ አባትም ትናንትም ዛሬም ወፉን ይዞ አልወጣም። እጄን የማነሳለት ሰው አጣሁ።

ነገ ዪሊን ብቻዋን ከተማውን በእግር ልታዞረኝ ነው። ኢዛና አይመጣም። "እኔ ነኝ ላሳይህ የምፈልገው አባባ" አለችኝ። ውዬ እጽፍልሻለሁ።

ይርጉ

*

ቾንግቺንግ፣ ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወሰኔ፣

ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ልጃችን ደህና ነው፣ ሥራውም ደህና ነው፤ እሱን ላስቀድም። መሐላዬን ግን አፍርሻለሁ። ለምን እንዳፈረስኩ ሳትሰሚ እንዳትፈርጂብኝ።

ትናንት እንዳዘዝሽኝ ነጠላዬን ጃኬቴ ላይ ደርቤ፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርጌ ወጣሁ። ዪሊን በር ላይ ቆማለች፤ ጸጉሯ ላይ ከክር የተሠራች ትንሽ ነጭ አበባ ሰክታለች። በዓሌን ያከበረችልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። በዚያ በኤርፖርት እንግሊዝኛዬ "አበባሽ ያምርብሻል! አንቺም ነጭ፣ እኔም ነጭ፣ በዓል ነው!" አልኳት። አቀርቅራ "ቴንክ ዩ አባባ" አለች።

ከዚያ እግራችንን አነሳን። ከመንገድ ዳር አንድ ሕንፃ ገብተን በሊፍት ወረድን፣ ወረድን፣ ስንወጣ ሌላ መንገድ ላይ ነን፤ ከላይም መኪና፣ ከታችም መኪና። ባቡር የሰው መኖሪያ ፎቅ ውስጥ ገብቶ በሌላ ወገን ሲወጣ አየሁ። ውሸት አይደለም፤ እዚያ የሚኖር ሰው ሸሚዙን በረንዳ ላይ ሲያሰጣ ባቡሩን ዞር ብሎም አላየው። ከወንዙ ማዶ ገና ያላለቁ ፎቆች ክሬን ተሸክመው ጭጋግ ውስጥ ቆመዋል። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ቱሪስቱም ስልኩን ደግኖ ቆሟል። ዪሊን ግን እጄን ይዛ ከኋላ ወዳለ ጠባብ መንገድ ወሰደችኝ።

አንድ የስልክ መሸጫ ፊት ቆመን "አያቴ እዚህ ኑድል ትሸጥ ነበር" አለችኝ። ቀጥለን አንድ ትልቅ ድልድይ ሥር ቆምን። "የአያቴ ቤት፣ እኔም የተወለድኩበት፣ እዚህ ነበር። ከተማው ሲያድግ ድልድይ ሆነ" አለች። መጨረሻው የማይታይ ደረጃ ላይ ደግሞ "እናቴ ሥራ ስትውል አያቴ አዝላኝ ይህን ትወጣ ነበር" ብላ አስተዛዘሏን አሳየችኝ። እንደኛው በጨርቅ ነው ወሰኔ! እኔም ደስ ብሎኝ "ለአያትሽ ሰላም በይልኝ። እግዜር ሲፈቅድ ጉልበታቸውን እስማለሁ" አልኳት። "እሺ አባባ" አለችና ወደ ወንዙ ዞረች።

ሰዉ ሁሉ ሲያየን ጎንበስ ይላል። ኑድል የበላንበት ቤት ያለችው ሴትዮ የዪሊንን አበባ አይታ ክንዷን ያዝ አደረገች፤ ገንዘብም አልቀበልም አለች። እኔን ደግሞ ከነጠላዬ እስከ ጫማዬ አይታ አንገቷን ዝቅ አደረገችልኝ። ሰው አክባሪ አገር ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ወይ ሞኝነት!

ወደ ማታ ወንዙ ዳር ካለው ደረጃ ደረስን። አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር፤ በቀርከሃ ዘንግ ዕቃ ተሸክመው ይህን ደረጃ ሲወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ዪሊንን ሲያዩ ተነሱ፤ ሁለት እጇን ያዙና አንድ ነገር አሏት። ያን ጊዜ ቀኑን ሙሉ የያዘችው ሁሉ ገነፈለ። ለቅሶ መቼም አስተርጓሚ አያሻውም። ጠጋ ብዬ "ማን ሞተብሽ?" ብቻ አልኳት። "አያቴ" አለች። ሐሙስ ማታ ነው የሞቱት። አበባው የኀዘን አበባ ነበር። ነጭ የሚለብሱት ሰው ሲሞትባቸው ነው።

ለምን እንደደበቁኝ ነገረችኝ። ኢዛና መሐላዬን ነግሯት ነበር። "እኛ አገር ለቅሶ ቤት አልገባም የሚል ሰው የለም፤ አባዬ ከሰማ ወይ መሐላውን ያፈርሳል፣ ወይ አብሮት የሚኖር ጸጸት ይይዘዋል" ብሏት፣ እኔን ከሁለቱም ለማዳን ዋጡት። እሷ ደግሞ አያቷን የማያውቅ ዘመድ እንዲኖራት አልፈለገችም። ያዞረችኝ ከተማውን አልነበረም ወሰኔ፤ ሴትዮዋን ነው። እኔም ከጧት ጀምሮ "ያምርብሻል፣ ያምርብሻል" ስላት ዋልኩ።

ነጠላዬን አወለቅሁና እዚያው ደረጃው ላይ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቄ ለበስኩት። ኢዛና ነግሯት ይሁን በራሷ ገብቷት አላውቅም፤ ጥለቱን በጣቷ ነካችና ግንባሯን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ከዚያ "ቤት ውሰጅኝ" አልኳት። አንቺ ዘንድ ገና አልነጋም ነበር፤ ፈቃድ ልጠይቅሽ አልቻልኩም። ብትነቂም የምጠይቅሽ አይመስለኝም።

ድንኳን ጥለዋል፣ ግቢያቸው ውስጥ፣ ልክ እንደኛ። ሰዎች ሻይ ይዘው እንደ ዶሚኖ ያለ ድንጋይ ይጫወታሉ፤ የኛ ሰው ለቅሶ ቤት ካርታ እንደሚጫወተው። ኢዛና ክንዱ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስሮ ሻይ ይቀዳል፤ ሲያየኝ ጀበናቸው ከእጁ ሊወድቅ ነበር። እኔ ፎቷቸው ፊት ደርሼ እንደ አገሬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ። መጀመሪያ ደነገጡ፤ በኋላ ሴቶቹ ተቀበሉኝ። ያላየኋቸውን ሴትዮ እንዴት አለቀስክ ትይኝ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ሕይወታቸውን በእግሬ ስዞር ውዬ አላውቃቸውም እንዴት እላለሁ?

ተቆጪኝ ካልሽ ተቆጪኝ። ዝም ብቻ አትበይኝ።

ይርጉ

*

ቾንግቺንግ፣ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወሰኔ፣

ከሁለት ቀን ዝምታ በኋላ ያቺ አንድ መስመርሽ ደረሰችኝ። ሌላ ነገር ቀርቶ እሱን ብቻ መጠየቅሽ ገርሞኛል።

አዎ፣ እናትየዋ ስለ አንቺ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩም ልንገርሽ። ታማ ነው የቀረችው አላልኩም። በለቅሶ ቤት አይዋሽም። "ሳንጠይቃችሁ ልጃችሁን በመውሰዳችን አፍራ ነው" አልኩ፤ ኢዛና ነው ያስተረጎመው፣ ሲያስተረጉም ድምፁ ተሰበረ። ባልና ሚስቱ ተያዩ። አባትየው "እኛ ደግሞ ልጃችንን የወሰደው ሰው እናት ለምን አታናግረንም፣ ደሃ ናቸው ብላ ንቃን ይሆን እያልን ስናፍር ከረምን" አለ። አየሽ? ሁለት ቤት፣ በዓለም ጫፍና ጫፍ፣ እርስ በርስ ስንተፋፈር ዓመት አለፈ።

አያትየዋ ደግሞ እኔ እንደምመጣ ሲነገራቸው "እናቱስ?" ብለው ጠይቀው ነበር አሉ። "አሁን አትመጣም" ሲሏቸው "ታዲያ ጥሩ ሻይ አስቀምጡላት" ብለው አንድ ጣሳ በእጃቸው ለይተው አስቀመጡ። ጣሳው አልተከፈተም፤ ሰጥተውኛል፤ ሻንጣዬ ውስጥ ነው። ይህን ልጻፍልሽ አልጻፍልሽ እያልኩ ነው ያደርኩት።

ትናንት ቀበርናቸው። አቀባበራቸው ከኛ ይለያል፤ እሱን በቃል እነግርሻለሁ። ጾሙንም አልሻርኩም፤ ቶፉና ጎመን ነው የበላሁት። ልጅሽ "እማዬ ምን አለች?" ይለኛል በየሰዓቱ። ምን ልበለው?

ይርጉ

*

ሌክ ሃይላንድስ፣ ኅዳር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለይርጉ፣

መሐላህን ባታፈርስ ኖሮ ነበር የምቆጣህ። ለቅሶ ቤት ደጃፍ ቆሞ "ሚስቴ አልፈቀደችም" የሚል ባል ይዤ የት እገባ ነበር? ዝም ያልኩህ ተቆጥቼ አልነበረም። የሰኞውን ደብዳቤህን ሩሐማ ስታነብልኝ አበባው ላይ ስትደርስ አቁሚ አልኳት። ያቺ ልጅ አያቷ ሞተውባት፣ አንተ ያምርብሻል ስትላት፣ አመስግናህ መሄዷ! ሁለት ቀን ሙሉ እሱን ነው ሳብሰለስል የከረምኩት።

የትናንቱ ደብዳቤህ ሲደርስ ብቻዬን ነበርኩ። ጣሳው ላይ ስደርስ ተነሳሁና ነጠላዬን ከቁም ሳጥን አወጣሁ። ምን እንደማደርግ አስቤ አይደለም፤ እጄ ራሱ አዘቀዘቀው። ሶፋው ላይ ተቀምጬ ሳለ ዓለምጌጥ ድስቷን ልትወስድ ገባች። ነጠላዬን ስታይ በሯን እንኳ ሳትዘጋ "ወይኔ፣ ወሰንየለሽ! ማን ሞተብሽ?" ብላ ደረቷን ያዘች።

ይርጉ፣ ዓመት ሙሉ ስሟን አልጠራም ብዬ የከረምኩ ሴት ነኝ። "አንዲት ሴትዮ" ልላት እችል ነበር። "ቻይና አገር ነው፣ አታውቂያቸውም" ልላት እችል ነበር። አፌ ቀድሞኝ "የምራቴ አያት" አለ። ምራቴ። ቤቱ ውስጥ ጮክ ብሎ ሲሰማኝ ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው፤ ዓለምጌጥም አብራኝ ተቀመጠችና ማን፣ እንዴት ሳትል አለቀሰች።

ከዚያማ ታውቃቸዋለህ። ዓለምጌጥ ለአንዷ ኮል አደረገች፣ አንዷ ለሌላዋ፤ የእድሩ ሴቶች ከሌዊስቪል ሳይቀሩ ሺፍታቸውን ጨርሰው፣ ሽሯቸውንና ቴርሞሳቸውን ይዘው ገቡ። ፓርኪንጉ ሞልቶ የአፓርትመንቱ ኦፊስ ሴትዮ መጥታ "ፓርቲ ነው?" ብትል ሩሐማ "ኖ፣ ግራንድማችን ሞታ ነው" አለቻት። ግራንድማችን! እኔም አላረምኳት።

አንድ ነገር ግን አሳፈረኝ። ወይዘሮ ኪዳነምሕረት ጸሎት ሊያደርጉ ተነስተው "ስማቸው ማን ነው?" አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አላውቀውም። አንተም በዚያ ሁሉ ጽሑፍህ አልነገርከኝም። ሻይ ያስቀመጡልኝን ሴትዮ ስም አላውቀውም። ወይዘሮ ኪዳነምሕረት ብልህ ናቸው፤ "እግዜር ያውቃቸዋል" ብለው ቀጠሉ። እኔ ግን አላለፈልኝም።

ስሙን እንዳትጽፍልኝ። ካንተ አልፈልገውም። ነገ እኔ ዘንድ ሲነጋ፣ እናንተ ዘንድ ሲመሽ፣ ሩሐማ እዚህ ናት፤ በቪዲዮ ደውሉልኝ። ስልኩን ኢዛና ይያዘው፤ እሱን በኋላ እቆጣዋለሁ፤ ቁጣዬን ተዘጋጅቶ ይጠብቀኝ፣ ናፍቆኛል በለው። መጀመሪያ ግን እሷን አምጡልኝ። እኔም አልዋሽህም፤ ያ የመዘጋጃ ቤቱ ፎቶ ሩሐማ ስልኳን ረስታ በወጣች ቁጥር የማየው ነው፤ ፊቷን አውቀዋለሁ። ድምፅዋን ነው የማላውቀው።

ለእናትና ለአባቷ "እግዜር ያጥናችሁ" በልልኝ። ጣሳውንም እንዳትከፍተው፤ እዚያው ድረስ መጥቼ ከእነሱ ጋር ነው የምጠጣው። የዚያን ቀን አንተ ሽማግሌ ሆነህ ደጃቸው ላይ ትቆማለህ፤ ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን ሳትል ቁጭ አትልም፤ ወጋችንን እናደርሳለን።

ነገ ግን ሌላ ወሬ የለኝም። ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅኩ እቀመጣለሁ። ምራቴ የአያቷን ስም በራሷ አፍ ትንገረኝ።

ወሰንየለሽ